ሚዲ ምንድን ነው? ድምፅ የሌለው የፒያኖ ቀረጻ

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ፒያኖ እቀርጻለሁ። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከዚሁ ሰፈር ስለሚጀምር ከባድ መኪኖች ሲያጓሩ ያድራሉ። ውሾች ይጮኻሉ፤ አንዳንድ ሌሊት የጅብ ድምፅም ይሰማል። የብሎኬቱ ግድግዳ የጎረቤቴን ሕፃን ለቅሶ አያስቀርልኝም። ጠዋት ቀረጻውን ስከፍተው ግን ከእነዚህ አንዱም የለበትም። ማይክሮፎን አልከፈትሁማ! የቀረጽሁት ሚዲ ነው።

ፒያኖ ሊማሩ እኔ ዘንድ የሚመጡ ልጆች ሚዲን እንደ አንድ የድምፅ ዓይነት ይቆጥሩታል። እንዲያውም አንዳንዶቹ ርካሽና የተሰለቸ የኪቦርድ ድምፅ ሲሰሙ “ይህ ሚዲ ነው” ይላሉ። ሚዲ ግን ምንም ድምፅ የለውም። የኤሌክትሮኒክስ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት ቋንቋ ነው። ቀድሞ የአንዱ ፋብሪካ ኪቦርድ ከሌላው ጋር አይነጋገርም ነበር። አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ተፎካካሪ አምራቾችን በአንድ ቋንቋ አስማሙና ሚዲ በ1983 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ሁለቱም በ2013 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራቸው የቴክኒክ ግራሚ ተሸልመዋል።

በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው መልእክት በጣም አጭር ነው፤ የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ ምን ያህል በርትቶ ተመታ፣ መቼ ተለቀቀ። ለቁልፎች ከ0 እስከ 127 ቁጥር ተሰጥቷል፤ የፒያኖ መካከለኛዋ ዶ 60 ናት፤ 88ቱ የፒያኖ ቁልፎች ከ21 እስከ 108 ያለውን ይይዛሉ። የአመታቱ ብርታት ከ1 እስከ 127 ይለካል። ብርታት ስል ግን በትክክል የሚለካው ፍጥነት ነው። ከቁልፉ ሥር ሁለት መገናኛዎች አሉ፤ ጣት ሲጫን ከአንዱ እስከ ሁለተኛው የፈጀው ጊዜ ይቆጠራል። በለሰለሰ እጅ የወረደ ቁልፍ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ በቁጣ የወረደ አጭር። በእግር የሚረገጠው ፔዳልም የራሱ ቁጥር አለው፤ 64።

ይህ ሁሉ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው። የአራት ደቂቃ የፒያኖ ሥራ በድምፅ ቢቀረጽ፣ ሳይታመቅ፣ 40 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ በሚዲ ግን ጥቂት አሥር ኪሎባይት ይበቃዋል። ኢንተርኔቱ በሚንቀራፈፍበት ምሽት እንኳ በቴሌግራም ወዲያው ይደርሳል። ዘፋኙ “ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ” ቢል እንደገና መጫወት አያስፈልገኝም፤ ቁጥሮቹን ሁሉ በሁለት መቀነስ ነው። ትናንሽ የሚዲ ኪቦርዶች ኃይል የሚወስዱት ከላፕቶፑ በመሆኑ መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቋረጥም። ዳር ሰፈር ለሚኖር ሙዚቀኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለተማሪዎቼ ሚዲን የማስረዳው በዜማ ምልክቶች ነው። በድጓው ላይ ከፊደላቱ በላይ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ የሚባሉ ደቃቅ ምልክቶች ተጽፈዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጇቸው ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ብራናው አይዘምርም። ምልክቱ ለመሪጌታው ጉሮሮ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚሰበር ይነግረዋል፤ ድምፁ ከሰውየው ነው። ዜማ ቤት ያልዋለ ሰው ምልክቱን ቢያይ ምንም አይሰማውም። ሚዲም እንዲሁ ነው፤ የሚያነበው መሣሪያ ጉሮሮውን ያዋጣል።

ይህ በደንብ የገባኝ አንድ አቀናባሪ ወዳጄ ዘንድ በላክሁት ፋይል ነው። በባቲ ቅኝት የሠራሁትን ጸጥ ያለ የፒያኖ ሥራ ከፈተና “ዋሽንቱን ወድጄዋለሁ” ብሎ መለሰልኝ። በእሱ ኮምፒውተር ያ መስመር ለፍሉት ተመድቦ ነበር። እጄ በትክክል ደርሷል፤ ፒያኖው ግን እኔው ጋር ቀርቷል። በ1991 እ.ኤ.አ. የ128 መሣሪያዎች የጋራ ዝርዝር ወጥቶ ነበር፤ ቁጥር አንዱ ፒያኖ ነው። ዝርዝሩን ወርጄ ብመለከተው የሕንዱ ሲታር አለ፣ የጃፓኑ ኮቶ አለ፣ የስኮትላንዶች የአየር ከረጢት ዋሽንት አለ። ክራር የለም፣ ማሲንቆ የለም፣ በገና የለም። ዛሬም ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

ከዚህ የሚከብደው የቅኝቱ ነገር ነው። በፒያኖ ላይ በአጎራባች ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት ሁሉም እኩል 100 ሴንት (የድምፅ ርቀት መለኪያ) ነው፤ አንድ ኦክታቭ፣ ከአንዷ ዶ እስከ ቀጣይዋ ዶ፣ 1200። ክራር ደርዳሪ ግን አውታሩን የሚቃኘው በጆሮው ነው፤ ያገኛት ድምፅ ብዙ ጊዜ በሁለት ቁልፎች መካከል ትወድቃለች። አንቺሆዬን በፒያኖ ስጫወት አንዷ ድምፅ ሁልጊዜ ከቦታዋ ትንሽ የወጣች ትመስለኛለች። ሚዲ ለዚህ ፒች ቤንድ የሚባል ማዞሪያ አለው፤ ከመሃል ወደ ላይና ወደ ታች በ16,384 ደረጃዎች ድምፅን ያንሸራትታል። ችግሩ በአንድ መስመር (ቻናል) ያለውን ሁሉ አብሮ መጎተቱ ነው፤ አንዷን ላስተካክል ስል የግራ እጄ ድምፆች ሁሉ ይጣመማሉ። እኔ እያንዳንዷን ድምፅ ለብቻዋ በአንድ መስመር አስቀምጣለሁ፤ ያሉት 16 መስመሮች ናቸው፤ አድካሚ ነው፤ ግን ይሠራል። በ2018 እ.ኤ.አ. ይህን ዘዴ ሥርዓት ያስያዘ ደንብ ጸደቀ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ሚዲ ደግሞ እያንዳንዷን ድምፅ ለብቻ መግራት ይፈቅዳል።

ልጆቹን አጥብቄ የማስጠነቅቃቸው ግን ኳንታይዝ ስለሚባለው ትእዛዝ ነው። ፕሮግራሙ የዘገየችውንም የቸኮለችውንም ድምፅ ይይዝና ቀጥ ካለው የምት መስመር ላይ ይቸነክራታል። ለጭፈራ ሙዚቃ ያገለግላል። ትዝታ ላይ ሞክሬው አውቃለሁ፤ ኖታዎቹ አንድም ሳይጎድሉ ትዝታው ጠፋ። ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመን ያሳተሟቸውን ሸክላዎች የሰማ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ምቱ ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ቆም ብሎ ያስባል። ያ ቆም ማለት በመስመር ላይ ቢቸነከር ምን ይቀራል? ስለዚህ ያልተነካውን የመጀመሪያ ቀረጻ ሁልጊዜ ለብቻው አስቀምጣለሁ።

እኔ እውነተኛ ፒያኖ የለኝም። ውጭ አገር የሚኖር አብሮ አደጌ ግን ያማሃ ዲስክላቪየር በሚገኝበት ቤት ይሠራል፤ ሚዲ ሲሰጡት ቁልፎቹን በራሱ የሚያንቀሳቅስ፣ መዶሻና ሽቦ ያለው ፒያኖ ነው። በክረምት ሌሊት የቀረጽሁትን አንድ ትዝታ ላክሁለትና ቪዲዮ ቀርጾ መለሰልኝ። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ቁልፎቹ ይወርዳሉ፣ ይነሣሉ። ሦስተኛው ሐረግ ላይ አውራ ጣቴ የምትዘገይበት ቦታ አለ። ፒያኖውም እዚያ ሲደርስ ዘገየ።