«ይህን ቁመት ይዘህ ኤን ቢ ኤ አትገባም?»

ረጅም ሰው ይህችን ጥያቄ ሳይሰማ የሚያልፍበት ሳምንት ያለው አይመስለኝም። ጠያቂው ክፋት የለውም። ግን ብዙዎቻችን የቅርጫት ኳስ ሙያ ሲባል የአሜሪካው ትልቁ ሊግ፣ ኤን ቢ ኤ፣ ብቻ ነው የሚታየን፤ እዚያ የገባ ሚሊየነር፣ ያልገባ ደግሞ የከሸፈ። አይደለም። አብዛኛው ተጫዋች ሻንጣውን ይዞ ካገር አገር የሚዞር የኮንትራት ሠራተኛ ነው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

«ቁመት ካለ ሁሉም አለ»

ማግሲ ቦግስ 1 ሜትር ከ60 ነበር። ኤን ቢ ኤ ውስጥ 14 ሲዝን ተጫውቷል። ቁመት አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፣ በጣም ይጠቅማል። ግን እስቲ ሒሳቡን ሥሩት፦ 30 ክለብ፣ በየክለቡ 15 መደበኛ ኮንትራት፣ 450 ቦታ። ከታችኛው ሊግ እየተመላለሱ የሚጫወቱትን ሦስት ሦስት ብትጨምሩ 540። ከመላው ዓለም!

«ድራፍት ላይ ስሙ ካልተጠራ አበቃለት»

ድራፍት ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ልጆችን በተራ የሚመርጡበት ነው። ሁለት ዙር አለው፣ ወደ 60 ስም ይጠራል። ቤን ዋላስን በ1996 ማንም አልጠራውም። አራት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሆነ። ኒኮላ ዮኪች በ2014 በ41ኛነት ሲመረጥ ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ላይ ነበር፤ ዛሬ ሦስት ጊዜ ኤም ቪ ፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) የተባለ ሰው ነው። ደግሞ ተጠርቶም አንድ ጨዋታ ሳይጫወት የሚቀር ሞልቷል። የመጀመሪያው ዙር ልጆች የተረጋገጠ ደመወዝ ይጠብቃቸዋል፤ በሁለተኛው ዙር ግን ስም መጠራቱ ብቻውን ውል አያሰጥም።

«ከአሜሪካ ውጭ የሚሄደው ያቃተው ነው»

ይሄኛው ያናድደኛል። ፒ ጄ ታከር በ2006 ለቶሮንቶ ራፕተርስ ተመረጠ፣ 17 ጨዋታ ተጫውቶ ተሰናበተ። ከዚያ እስራኤል፣ ዩክሬን፣ ግሪክ፣ ጣሊያን፣ ጀርመን። ከእስራኤሉ ክለብ ጋር በ2008፣ ከጀርመኑ ጋር በ2012 ዋንጫ በላ። ከዚያ የኤን ቢ ኤው ክለብ ፊኒክስ ወሰደውና በ2021 ከሚልዋኪ ጋር የኤን ቢ ኤ ሻምፒዮን ሆነ። ያቃተው ሰው ይሄ ነው?

ውጭውም ቢሆን ሽርሽር አይደለም። ጨዋታው እንደ ኤን ቢ ኤው 48 ሳይሆን 40 ደቂቃ ነው፤ ፋውል በስድስተኛው ሳይሆን በአምስተኛው ያስወጣል። የሦስት ነጥብ መስመሩ ከ7.24 ወደ 6.75 ሜትር ይጠጋል፣ ሜዳው ይጠባል፣ በዚያ ላይ ግዙፉ ተከላካይ እንደ ኤን ቢ ኤው ሦስት ሰከንድ ሳይቆጠርበት ከቅርጫቱ ሥር ተገትሮ መዋል ይችላል። አገሩ ላይ እንደልቡ ሰንጥቆ እየገባ ያስቆጥር የነበረ ልጅ መንገዱ ሁሉ ዝግ ይሆንበታል። ሉካ ዶንቺች በ19 ዓመቱ የአውሮፓ ክለቦችን ትልቅ ውድድር፣ ዩሮ ሊግን፣ ከሪያል ማድሪድ ጋር አሸንፎ፣ የሊጉ ኤም ቪ ፒ ሆኖ ነው አሜሪካ የሄደው፤ ነጥብ ማስቆጠር ከአውሮፓ ይልቅ ኤን ቢ ኤ ውስጥ ይቀላል ያለውም እሱ ራሱ ነው። በብዙ ሊጎች የውጭ ተጫዋች ቁጥር የተገደበ ስለሆነ ደግሞ ያቺን ቦታ የያዘ ሰው እስኪለምድ የሚጠብቀው የለም። ሁለት ሦስት መጥፎ ጨዋታ፣ ከዚያ ተተኪው አውሮፕላን ላይ ነው።

«ፈረመ ማለት ገንዘቡ ኪሱ ገባ»

የአውሮፓ ክለብ ውል ብዙ ጊዜ የአንድ ሲዝን ነው። ደመወዙ ከግብር በኋላ እጅ የሚገባው ተብሎ ይጻፋል፤ ቤት፣ መኪናና የአውሮፕላን ትኬት ይጨመርበታል። የወኪሉን ኮሚሽን፣ ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ፣ ክለቡ ይከፍላል። (ኤን ቢ ኤ ውስጥ ከፋዩ ተጫዋቹ ነው፣ ጣሪያው 4 በመቶ።) ያምራል አይደል? ግን የሕክምና ምርመራው እስኪታለፍ ብዙው ውል አይጸናም፤ ጉልበቱ ላይ አሮጌ ጉዳት የተገኘበት ልጅ ሻንጣውን ሳይፈታ ሊመለስ ይችላል። ደመወዝም ይዘገያል። ወሩ ሲያልቅ መልበሻ ክፍል ውስጥ አንዱ ጫማውን እያሰረ «ገባ?» ይላል። ሁሉም ስልኩን ከፍቶ የባንክ ሒሳቡን ያያል። «አልገባም።» ከዚያ ወጥተው ያሟሙቃሉ፤ ተመልካቹ ደግሞ ዛሬ ለምን ቀዘቀዙ እያለ ያጉረመርማል።

ስለዚህ የቆየ ተጫዋች ውል ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው የደመወዙን ቁጥር አይደለም። ክፍያው ስንት ቀን ከዘገየ ለቆ መሄድ እንደሚችል የምትናገረዋን አንቀጽ ይፈልጋል፤ ቀጥሎ ጠብ ሲመጣ ማን እንደሚዳኝ ያያል። የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) በ2007 ያቋቋመው፣ የዳኝነት መቀመጫው ጄኔቫ የሆነ ባት የሚባል የግልግል ጉባኤ አለ። የተወሰነበትን የማይከፍል ክለብ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ሊታገድ ይችላል፣ ይሄ ደግሞ ክለብን ያስደነግጣል። ችግሩ ወደ ባት የሚኬደው ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ ነው፤ ማለትም ውሉ ላይ ከተጻፈ። አንዲት ዓረፍተ ነገር! እሷ ከተረሳች በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት መንከራተት ነው።

«ሴቶቹ ሊጋቸው ሲያልቅ ያርፋሉ»

የአሜሪካ የሴቶች ሊግ የሚካሄደው በበጋቸው ነው። ክረምታቸውን ብዙዎቹ ለዓመታት ያሳለፉት ቱርክ፣ ሩሲያና ቻይና እየተጫወቱ ነው፤ ገንዘቡ እዚያ ነበራ። ዳያና ቶራሲ በ2015 የአሜሪካውን ሲዝን ሙሉ በሙሉ ዘለለችው፣ አርፋ እንድትመጣ የሩሲያ ክለቧ ከፍሏት። ሩሲያ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ታገኝ ነበር፣ አገሯ ላይ 107 ሺህ አካባቢ። ሌላዋ የሊጉ ተጫዋች ብሪትኒ ግራይነርም በ2022 ሞስኮ ኤርፖርት የተያዘችው ወደዚያው ክለብ፣ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ነው።

«ጫማውን ሲሰቅል መግለጫ ይሰጣል»

ዩዶኒስ ሃስለም 20 ሲዝን ለማያሚ ተጫውቶ በ2023 በክብር ተሸኘ። (እሱም ድራፍት ላይ አልተጠራም፤ የጀመረው ፈረንሳይ ነው።) የብዙው ሰው አወጣጥ ግን ሌላ ነው። 34 ዓመቱ ነው እንበል። ሐምሌ ያልፋል፣ ነሐሴ ያልፋል፣ ቅናሽ ደመወዝ ይዞ የሚመጣም የለም። ወኪሉ «ትንሽ ጠብቅ፣ የሚጎዳ ሰው አይጠፋም» ይለዋል። ኅዳር ላይ አንድ ክለብ የጨዋታ ቪዲዮ ይጠይቃል፤ የሁለት ዓመት በፊቱን ይልካል። መልስ የለም። እሱ አሁንም ተጫዋች ነኝ ይላል፣ ጧት ጧት ጂም ይሄዳል። ወኪሉ ግን ስልክ ማንሳት ትቷል።