ዳኑብ፦ ስሙ ራሱ «ወንዝ» የሆነ ወንዝ

ዳኑብ ከቮልጋ ቀጥሎ የአውሮፓ ረጅሙ ወንዝ ነው። ርዝመቱ 2,850 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መነሻው ደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ «ጥቁር ጫካ» የሚባለው ተራራማ ደን ነው። ብሬግ እና ብሪጋህ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ወንዞች ዶናውኤሺንገን ከተማ አጠገብ ይገናኛሉ። ዳኑብ መባል የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ወደ ጥቁር ባሕር እስኪገባ 10 አገሮችን ያቋርጣል ወይም ጠርዛቸውን ታክኮ ያልፋል። ከሞልዶቫ የሚያገኘው ዳርቻ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቪየና፣ ብራቲስላቫ፣ ቡዳፔስትና ቤልግሬድ ግን አራቱም ዋና ከተሞች ናቸው፤ አራቱም ዳኑብ ዳር ተቀምጠዋል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ገና ሲጀምር የሚሆነው ነገር ነው። ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ፣ ኢመንዲንገን አካባቢ፣ ውሃው መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ቦታው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ስንጥቁ ብዙ ነው። ዝናብ ባነሰባቸው ወራት ወንዙ ጭራሽ ይጠፋና ጠጠሩ ብቻ ይቀራል። ታዲያ ውሃው የት ይገባል? እ.ኤ.አ. በ1877 ጨውና ቀለም ጨምረውበት ተከታተሉት። ከሁለት ቀን ተኩል ገደማ በኋላ፣ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አኽ ከሚባል ምንጭ ብቅ አለ። የዚያ ምንጭ ውሃ ደግሞ ወደ ራይን ወንዝ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከዳኑብ ውሃ ከፊሉ ጥቁር ባሕርን ሳያይ ሰሜን ባሕር ይገባል ማለት ነው።

ስሙም የራሱ ታሪክ አለው። ሮማውያን ዳኑቢየስ ይሉት ነበር። ግሪኮች ደግሞ የታችኛውን ክፍል ኢስትሮስ ብለውታል። የቋንቋ አጥኚዎች «ዳኑ» ከሚል በጣም ጥንታዊ ቃል ጋር ያያይዙታል፤ ትርጉሙ ወንዝ ወይም የሚፈስ ውሃ ነው። የዶን፣ የዲኒፐርና የዲኒስተር ወንዞች ስምም ከዚያው ዘር እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ ጀርመኖች ዶናው፣ ስሎቫኮች ዱናይ፣ ሀንጋሪዎች ዱና፣ ሰርቦችና ቡልጋሪያውያን ዱናቭ ይሉታል። ቋንቋው ይለያይ እንጂ ቃሉ አንድ ነው።

መጨረሻው ላይ ወንዙ በሦስት ይከፈልና ሰፊ ረግረግ ይሠራል። አብዛኛው ሩማንያ ውስጥ ነው፤ ቀሪው የዩክሬን ነው። የሩማንያውን ክፍል ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1991 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል፤ ፔሊካን የሚባሉ ወፎች በብዛት የሚፈለፈሉበት ቦታ ነው። የዳኑብ ርቀት የሚቆጠረውም ከምንጩ ሳይሆን ከዚሁ፣ ሱሊና ከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ተነስቶ ሽቅብ ወደ ጀርመን ነው።