ድሮፕ ኬብል ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ውስጥ በየትኛውም ሰፈር ስታልፉ እስቲ ቀና በሉ። ከፖል ተነስተው ወደየቤቱ ጣራ የሚወርዱ ጥቋቁር ገመዶች ታያላችሁ። ወፈር ያሉት የመብራት ናቸው። ስልክና ኢንተርኔት የምታመጣው ጠፍጣፋዋ ቀጭኗ ደግሞ ድሮፕ ትባላለች። ዋናው መስመር ፖል ለፖል ይሄዳል፣ ድሮፕ ማለት ከፖሉ ሳጥን ወጥታ ለእናንተ ቤት ብቻ ተብላ የምትጎተተው የመጨረሻዋ ቁራጭ ናት። ቴክኒሻኑ «ድሮፑ ተበጥሷል» ሲላችሁ እሷን ማለቱ ነው።

ድሮ ድሮፕ ሲባል ለቤት ስልክ የሚመጣ ጥንድ የመዳብ ሽቦ ነበር። ስልኩ ዝም ብሎ ተቀምጦ 48 ቮልት ገደማ ይይዛል። ሲጠራ ግን ወደ 90 ቮልት የሚጠጋ ይመጣበታል፣ ስለዚህ ሽቦውን ባዶ እጃችሁን ይዛችሁ ሰው ከደወለ ትዘላላችሁ፤ እኔ ዘልዬ አውቃለሁ። ዛሬ አዲስ የሚገባው በአብዛኛው ፋይበር ነው፣ በኤሌክትሪክ ፈንታ በብርሃን የሚሠራ።

የፋይበሯ ድሮፕ ውስጧ ሲታይ ትገርማለች። መሃሏ ላይ የመስታወት ክር አለች፣ ውፍረቷ 125 ማይክሮን፣ የፀጉር ያህል በሉት። ብርሃኑ የሚሄደው ደግሞ በዚያች ክር እምብርት፣ 9 ማይክሮን ብቻ በሆነች መንገድ ነው። ግራና ቀኟ ሁለት ማጠናከሪያ ዘንጎች ተኝተዋል። ከዚያ ጠርዟ ላይ፣ ለብቻው ተለጥፎ፣ አንድ የብረት ሽቦ አለ። ፖልና ቤት መካከል ተንጠልጥሎ ክብደቱን፣ ነፋሱን፣ አንዳንዴም የሚያርፉባትን ወፎች የሚሸከመው እሱ ነው። መስታወቷማ ምንም አትችልም።

ይህ ብረት ታዲያ ሥራው ውጭ ያበቃል። ግድግዳው ላይ ማሰሪያ ይመታለታል፣ እዚያ ይታሰራል፣ ከዚያ ከኬብሉ ተላጥቶ ይቆረጣል። ወደ ቤት የምትገባው ያለ ብረቷ ነው። ብዙ ሰው ይህችን ነገር ይዘላታል። እንዲያውም «ጠንካራ ነው፣ ይሻላል» ብለው ከነብረቱ ሳሎን ድረስ የሚያስገቡ አሉ።

ጠባሴ አካባቢ አንድ ክረምት የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል፣ ደግሞ ልጄ፣ ከሶፋው ኋላ ስጠርግ የሆነ ነገር ነዘረኝ» አሉ። የመጀመሪያውን ትቼ ሁለተኛውን ያዝኩ። ስደርስ ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ግድግዳው የድንጋይ። ድሮፗ ከፖል ወደ ቆጣሪ ከሚመጣው የመብራት ሽቦ ጋር በፕላስተር አንድ ላይ ተጠቅልላለች። ሁለቱም በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ያልፋሉ። ነፋስ ባወዛወዛቸው ቁጥር ቆርቆሮው እንደ መጋዝ ሲፈገፍጋቸው ከርሟል፣ የመብራቱ ሽቦ ልባሱ አልቆ መዳቡ ይታያል። መሰላሌን አላስጠጋሁም። መሬት ላይ ቆሜ ቴስተሬን ድሮፗ ሳሎን ውስጥ በወጣችበት በኩል የብረት ሽቦዋ ጫፍ ላይ ባስነካው በራ። ጣራው ኤሌክትሪክ ይዟል፣ ብረቱ ደግሞ ከጣራው ተቀብሎ እስከ ሶፋው ኋላ አምጥቶታል።

ለምን ብሬከሩ አልወረደም? ብሬከሩ ያለው ከቆጣሪው በኋላ ነው፣ ሽቦው የተላጠው ከቆጣሪው በፊት። ጣራው ደግሞ በባህር ዛፍ እንጨት ላይ ስለተቀመጠ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚፈስበት ደህና መንገድ የለውም፣ ሰው እስኪነካው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እናትየውን ከቤት አስወጥተን ለመብራት ሰዎች ደወልን፣ ከፖሉ ቆረጡልን። እስኪመጡ ድረስ ልጆቹን ከጣራው ፍሳሽ ማውረጃ ሳርቅ ነበር፣ እሱም ቆርቆሮ ነዋ።

ከዚያ ወዲህ የማይቀር ልማድ አለኝ። ቆርቆሮ ጣራ ላይ መሰላል ከማስጠጋቴ በፊት ጣራውን በቴስተር አያለሁ። ቴስተሩን ራሱን ደግሞ አስቀድሜ የሚሠራ ሶኬት ላይ እሞክረዋለሁ፣ ጣራውን ካየሁ በኋላም እንደገና ሶኬቱ ላይ እሞክረዋለሁ። የሞተ ቴስተር ሁሌም «ሰላም ነው» ነው የሚላችሁ። መሰላሉም የአሉሚኒየም ባይሆን እመርጣለሁ፣ የእንጨት ወይም የፋይበርግላስ ይሁን።

ከመብራት ሽቦ መራቁ ቤት ውስጥም ይቀጥላል። የአውስትራሊያ የኬብል ደንብ ለምሳሌ የኮሙኒኬሽን ኬብል ከተለመደው የቤት መብራት ሽቦ ቢያንስ 50 ሚሊሜትር ይራቅ፣ ካልሆነ መካከላቸው መለያ ይግባ ይላል። እኛ ጋ 220 ቮልት ነው፣ እጃችን ደግሞ ያው የሰው እጅ ነው፣ ስለዚህ አምስት ሴንቲ ሜትሯን እኔ እጠቀምባታለሁ። በአንድ ቱቦ ሁለቱን ማሳለፍ ግን በፍጹም። ቦታ የለም ይሉኛል። አንድ ቀን ሥዕል ሊሰቅል የመጣ ሰው ሚስማር ሲመታ ሁለቱን አንድ ላይ ይበሳቸዋል፣ ከዚያ ራውተሩን የነካው ልጅ ነው የሚከፍለው።

የጎረቤት ነገርም አለ። አንድ ሰው ኢንተርኔት ያስገባና በኔትወርክ ኬብል ለጎረቤቱ በአጥር ያሻግርለታል። ይህ የመዳብ ኬብል ነው፣ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል፣ ርካሽም ነው። ሐምሌ ላይ መብረቅ ቅርብ ሲወድቅ ግን በሁለት ቤት መካከል የተዘረጋ መዳብ ኤሌክትሪክ ይሰበስባል፣ የሁለቱም ቤት ራውተር በአንድ ምሽት ይቃጠላል። ቤት ለቤት ከሆነ ብረት የሌላት ፋይበር ትሻላለች፣ መስታወት መብረቅ አታስተላልፍም። ሰማይ ሲጠቁር ደግሞ ሶኬት ንቀሉ፣ ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ግን ሄዳችሁ አትነካኩት።

ሰሜን ሸዋ ለኬብል አስቸጋሪ አገር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ትንዘፈዘፋለች። ጣርማ በርን ተሻግራችሁ፣ ደብረ ሲና ወርዳችሁ፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ሹራባችሁን አውልቃችሁ ነው የምትገቡት። ኬብሉም እንደዚያው። ቀን ፀሐይ ላይ ብረቱ ለጠጥ ይላል፣ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ይሰበሰባል። ስለዚህ ድሮፕን እንደ ክራር ክር አትወጥሯት፣ ትንሽ ትርገብ። ቆላ ላይ ደግሞ ጠላቷ ፀሐይ ነው። ጥቁር የሆነችው ለዚሁ ነው፣ ነጩን የቤት ውስጥ ኬብል ውጭ ካዋላችሁት ተሰነጣጥቆ ይረግፋል።

ስለ መታጠፍ ብዙ አልልም። መስታወት ናት፣ በበር ጠርዝ አትቀርጥፏት፣ የተረፈውን ስትጠቀልሉ ጥቅልሉ ከቡና ሲኒ ማስቀመጫ አይጥበብ። ሞደሙ ላይ ቀይ መብራት በርቶ ከቀረ መጀመሪያ የማየው ሶፋ ማን እንደገፋ ነው። የጫፏን ማገናኛ በሸሚዝ አትጥረጉ። ወደ ቀዳዳዋም አትመልከቱ፣ ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፣ ዓይን ግን ሊጎዳ ይችላል። የተቆረጠች ስባሪ ምንጣፍ ላይ ከወደቀች በኋላ አትገኝም፣ እግር ውስጥ ነው የምትገኘው። እኔ ክዳን ያለው ባዶ ሃይላንድ ይዤ እዞራለሁ፣ ስባሪዋ ሁሉ እዚያ ትገባለች። እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንጀራ ካቀረቡልኝ ደግሞ እጄን ታጥቤ ሌላ ቦታ ነው የምቀመጠው።

አሁን ወደ ጠባሴዋ እናት ልመለስ፣ የመግቢያው ነገር ቀርቶኛል። መብራቱ ተስተካክሎ ጣራው ነፃ መሆኑ ሲረጋገጥ ድሮፗን ከቆርቆሮው አውርጄ በሌላ አቅጣጫ አመጣኋት። ብረቷን ግድግዳው ላይ አስሬ በፒንሳ ቆረጥኩት። የድንጋይ ግድግዳ ወፍራም ነው፣ ረጅም መብሻ ይፈልጋል። ስበሳ ከውጭ ዝቅ፣ ከውስጥ ከፍ እንዲል አድርጌ ነው፣ ውሃ ሽቅብ አይሄድማ። ከዚያ ኬብሏ በቀጥታ ወደ ቀዳዳው አትገባም። ከቀዳዳው በታች አንድ ስንዝር ያህል ትወርድና ተመልሳ ወደ ላይ ትወጣለች። ይቺን ማጠፊያ ብዙ ሠራተኛ ይተዋታል፣ የደብረ ብርሃን ዝናብ ግን በኬብሉ ላይ እየተንሸራተተ ነው ሳሎን የሚገባው። በመጨረሻም ቀዳዳውን በሲሊኮን ደፈንኩት፣ ለውሃው ብቻ ሳይሆን ለአይጧም።

እናትየው ቆመው ሲያዩኝ ነበር። «ይቺ ዝቅ ያለችው ምንድን ናት?» አሉ። በቃል ከማስረዳት ብዬ ማንቆርቆሪያ ለመንኳቸው። መሰላል ላይ ወጥቼ ከማሰሪያው በታች ቀስ አድርጌ አፈሰስኩ። ውሃው በጥቁሩ ኬብል ላይ ወረደ፣ ማጠፊያው ሥር ተጠራቀመ፣ ጠብ፣ ጠብ ብሎ መሬት ላይ ወደቀ። ቀዳዳው ደረቅ ነው።

«ጎበዝ» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው፣ «ኢንተርኔቱስ?»

እሱን ገና አልሰካሁትም ነበር።