ኬሪ ውድ 20 መቺ በስትራይክ ያሰናበተበት ጨዋታ

ቤዝቦል ላይ አንድ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ብቻውን ጨዋታውን የበላበት ቀን የቱ ነው የሚል ክርክር ከተነሳ፣ ቺካጎ ሪግሊ ፊልድ ላይ እንደ ፈረንጆቹ ሜይ 6, 1998 የተደረገው ሳይጠራ አይቀርም። የቺካጎ ካብሱ ኬሪ ውድ ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር፣ በትልቁ ሊግ መጫወት ከጀመረም ገና 5ኛ ጨዋታው ነው፣ እና የሂዩስተን አስትሮስን 20 መቺ በስትራይክ አውጥቶ 2 ለ 0 አሸነፈ። ቀኑ ረቡዕ፣ ሰማዩ የደመነ፣ ተመልካቹ ደግሞ 15,758 ብቻ፣ የስታዲየሙ ግማሽ እንኳን አልሞላም።

ለማታውቁት፣ መቺው ሶስት ስትራይክ (መምታት ሲገባው ያልመታት ኳስ) ከተቆጠረበት በቃ ወጣ ማለት ነው፣ ከካቸሩ (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳሷን ከሚይዘው) በስተቀር ሜዳ ላይ የተበተኑት ተጫዋቾች ምንም ስራ የለባቸውም። በ9 ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር) አንድ ቡድን 27 ጊዜ ይወጣል፣ ስለዚህ ውድ 20ውን እሱ ጨርሶ ለሌሎቹ የተረፈው 7 ነው።

የሚገርመው አጀማመሩ ነው። የመጀመሪያዋ ኳስ ካቸሩን አልፋ ሄዳ የዳኛውን የፊት ጭምብል መታች፣ ይሄ ልጅ ዛሬ ጉድ ሊሆን ነው ያስብላል። ከዛ ግን የመጀመሪያዎቹን አምስት መቺዎች ተራ በተራ ሸኛቸው። ወደ 160 ኪሎ ሜትር በሰዓት የምትጠጋ ፋስትቦል (ፈጣን ቀጥተኛ ኳስ) አለው፣ እሷን ሲጠብቁ ደግሞ መጨረሻ ላይ ተጠምዝዛ የምትወርድ ኳስ ይልክባቸዋል፣ ዱላው አየር ይመታል። ከ7ኛው እስከ 9ኛው ኢኒንግ ድረስ ሰባት ሰው በተከታታይ እንደዛ ሄደ። አስትሮስ ደካማ ነበር እንዳትሉ፣ የዛን ዓመት 102 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነው፣ ክሬግ ቢጂዮና ጄፍ ባግዌልም በኋላ የዝና አዳራሽ ገብተዋል።

አንዲት ሂት (መቺው መትቶ ቤዝ የሚባለውን ማረፊያ በሰላም የሚደርስባት ምት) ብቻ ነች ያገኙት፣ 3ኛው ኢኒንግ ላይ ሪኪ ጉቴሬዝ የመታት መሬት ለመሬት የሄደች ኳስ የካብሱን ተከላካይ የኬቨን ኦሪን ጓንት ነክታ አለፈች። የተከላካዩ ስህተት ተብላ መመዝገብ ነበረባት የሚሉ አሁንም አሉ። ከሷ ሌላ ቢጂዮ በኳስ ተመቶ በነፃ ቤዝ ያዘ፣ በቃ፣ ዎክ (አራት መጥፎ ኳስ ሲወረወርለት መቺው በነፃ የሚያገኘው ቤዝ) የሚባል ነገር ወፍ የለም።

የቤዝቦል ቁጥር ተንታኙ ቢል ጄምስ ባወጣው፣ የፒቸሩን የአንድ ጨዋታ ብቃት በነጥብ በሚለካው የጌም ስኮር ስሌት ይሄ ጨዋታ 105 ነጥብ አለው፣ በ9 ኢኒንግ ከዚህ የበለጠ የለም። ዶን ላርሰን በ1956 ወርልድ ሲሪስ (የዓመቱ የፍጻሜ ፍልሚያ) ላይ አንድም ሰው ቤዝ ሳያስረግጥ የጨረሰው ጨዋታ እራሱ 94 ነው፣ ምክንያቱም በስትራይክ ያወጣው 7 ብቻ ነበር፣ ቀሪውን ጓደኞቹ ናቸው የያዙለት። እንደኔ እንደኔ የውድ ይበልጣል።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ያን ቀን 122 ኳስ ወርውሯል፣ ዛሬ 100 አካባቢ ሲደርስ አሰልጣኙ ያስወጣዋል። የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተብሎ ተሸለመ፣ በ1999 ግን ክርኑን ኦፕራሲዮን ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ቁጭ አለ። ያ ጨዋታ ነው የጎዳው ማለት ይከብዳል፣ ለልጅ ክንድ ግን ብዙ ነው።

በአንድ ጨዋታ 20 መቺ በማውጣት ቀድሞ የደረሰው ፒቸሩ ሮጀር ክሌመንስ ነው፣ በ1986 እና በ1996። ከውድ በኋላ ራንዲ ጆንሰን በ2001፣ ማክስ ሸርዘር ደግሞ በ2016 እዛው የኛ ሰው በሞላበት ዋሽንግተን ዲሲ ደገሙት። በ9 ኢኒንግ 21 ያደረገ የለም። ቶም ቼኒ በ1962 21 አውጥቷል፣ እሱ ግን 16 ኢኒንግ ነው የፈጀበት።