የመኪና ኢተርኔት ትራንሲቨር ቺፕና በዙሪያው የሚሠራው ሰርኪዩት

የመኪና ኢተርኔት ትራንሲቨር በተሽከርካሪ ውስጥ ካሜራን፣ ራዳርንና የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮችን በሚያገናኘው ገመድ ላይ መረጃ የሚልክና የሚቀበል ቺፕ ነው። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም የሆነው አይ-ትሪፕል-ኢ በ2015 ባጸደቀው 100ቤዝ-ቲ1 በተባለው ደረጃ መሠረት፣ አንድ ጥንድ የተጠማዘዘ ሽቦ እስከ 15 ሜትር ድረስ በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ያስተላልፋል። ቺፑ የሌላውን ወገን ሲግናል የሚለየው የራሱን ማሚቶ ቀንሶ ስለሆነ፣ የመስመሩ ኢምፔዳንስ (ለሲግናሉ የሚያሳየው ተቃውሞ) ከ100 ኦም በራቀበት ቦታ ሁሉ የሚፈጠረው ነጸብራቅ ሥራውን ያከብድበታል።

የቤትና የቢሮ ኢተርኔት ገመዱን ከቺፑ የሚለየው ብዙውን ጊዜ በትራንስፎርመር ሲሆን፣ እዚህ ግን በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ በሚቀመጥ የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ነው። ሽቦው በአደጋ ከባትሪው ጋር ቢነካካ ቀጥተኛው ቮልቴጅ ወደ ቺፑ እንዳያልፍ የሚያግደው ይኸው ካፓሲተር በመሆኑ፣ የሚችለው ቮልቴጅ ከባትሪው በብዙ የላቀ መሆን አለበት። ከካፓሲተሮቹ ወደ ቺፑ ባለው በኩል 200 ማይክሮሄንሪ ያህል የሆነ ኮመን ሞድ ቾክ፣ ማለትም በሁለቱም ሽቦዎች ላይ በአንድ አቅጣጫ የሚሄደውን ረብሻ (ኮመን ሞድ) የሚያግድ ጥቅል ሽቦ፣ ይቀመጣል፤ በኮኔክተሩ በኩል ደግሞ ሁለት የ1 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ከሁለቱ ሽቦዎች ተነሥተው አንድ ነጥብ ላይ ይገናኙና በ4.7 ናኖፋራድ ካፓሲተርና በ100 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ይወርዳሉ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የሁለቱ ሽቦዎች እኩልነት ነው። አንዱ ካፓሲተር ከሌላው ቢለይ ወይም አንዱ የቦርድ መስመር ቢረዝም፣ ከሲግናሉ ከፊሉ ወደ ኮመን ሞድ ተለውጦ ገመዱን አንቴና ያደርገዋል፤ ገመዱ መከለያ ስለሌለው ረብሻው የመኪናውን ሬዲዮ ሊደርስበት ይችላል፣ ከውጭ የሚመጣው ረብሻም በዚያው መንገድ ይገባል። ስለዚህ የተመጣጠኑ ክፍሎችን መምረጥ በምንም ምክንያት ሊታለፍ የማይገባው ወጪ ነው። ከስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚጠብቀው ክፍል ኮኔክተሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ከ100 ቮልት በታች መሥራት የሚጀምር ከሆነ ግን በረብሻ መቋቋም ፈተና ወቅት ራሱ ሲግናሉን ይቆርጠዋል።

በቀረው በኩል፣ ለሰዓት ምት ብዙውን ጊዜ ከሚሊዮን 100 በማይበልጥ ስሕተት የሚሠራ የ25 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል ይበቃል። ኃይል ሲገባ ቺፑ ከእግሮቹ ጋር የተያያዙትን ሬዚስተሮች አንብቦ የሰዓት ምቱን የሚሰጥ መሪ ወይም እሱን የሚከተል ተከታይ መሆኑን ይወስናል፤ በገመዱ ሁለት ጫፍ ያሉት ቺፖች ሁለቱም መሪ ሆነው ከተዘጋጁ ግንኙነቱ አይመሠረትም።