ስለ ጠጅ፣ ስለ ክትፎና ስለ ሌሎችም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና አራት ጓደኞቼ ምሳ አብረን እንበላለን። ደንባችን አንድ ነው፦ የዕለቱ ተረኛ ቤቱን ይመርጣል፣ ምግቡንም መጠጡንም እሱ ያዝዛል፣ ሌላው አይከራከርም። በዚህ ሰበብ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤት ገብተናል። ከሰፈር ሽሮ ቤት እስከ ቄራ ሥጋ ቤት፣ ከጠጅ ቤት እስከ ቦሌ ምግብ ቤቶች።

ከምግቡ እኩል ግን ብዙ ወሬ ሰምተናል። "ጠጅ ካልጣፈጠ ጠጅ አይደለም።" "አረቄ ከጠጣህበት ጥሬ ሥጋ ምንም አያደርግህም።" አንዳንዱ ወሬ ጥሩ ጣዕም ያሳጣናል። አንዳንዱ ደግሞ ጤና ይጎዳል። በጣም የሚደጋገሙትን እዚህ አንስቼ እውነቱን ልናገር።

"ጥሩ ጠጅ ጣፋጭና ደማቅ ቢጫ ነው"

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ በሱ የተነሳ ደህና ጠጅ የሚመልስ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ጠጅ ማር፣ ውሃና ጌሾ ነው። ማሩ በውሃ ይበጠበጣል፣ ጌሾው ይገባል፣ ከዚያ እንዲፈላ ይተዋል። ሲፈላ እርሾው የማሩን ስኳር እየበላ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ስለዚህ ፍላቱ በቀጠለ ቁጥር ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፣ ኃይሉ ይጨምራል። ጠጅ ቤት ገብታችሁ "ደረቅ፣ መካከለኛ ወይስ ለስላሳ?" የምትባሉት ለዚህ ነው። ደረቁ ስኳሩ ያለቀ ነው። ለስላሳው ብዙ ሳይፈላ የወጣ ወይም በኋላ ማር የተጨመረበት ነው። ብርዝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ያልፈላ የማር ውሃ ስለሆነ መጠጥ የማይጠጣውም ይጠጣዋል።

እንግዲህ ጣፋጭነት ምን ያህል እንደፈላ እንጂ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ አይነግረንም። ስኳር ከማር ይረክሳል። ማር ቆጥቦ ስኳር የጨመረ ጠጅ ጣይ ደግሞ መጠጡ እንዲጣፍጥለት ማድረግ አይከብደውም። ቀለሙም እንደዚሁ ነው። ማር እንደ አገሩና እንደ አበባው ይለያያል፤ የትግራይን ነጭ ማር ያየ ሰው ጠጅ ሁሉ ደማቅ ቢጫ እንዲሆን አይጠብቅም። ክረምት ከበጋ አንድ ዓይነት የሚያበራ ቢጫ ከሆነ ቀለም ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁ። ደፍረስ ማለቱ ደግሞ ቆሻሻ አይደለም፤ ያልጠለለ እርሾ ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? በማሽተት ነው። አንዲት ጠጅ የሚጥሉ እናት ናቸው ያስተማሩኝ። ሁለት ብርሌ አስቀመጡልኝ። አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ገርጣ ያለና ደፍረስ ያለ። እጄ ወደ ቢጫው ሲሄድ ያዙኝና "አሽትተው መጀመሪያ" አሉኝ። የብርሌ አንገት ጠባብ ስለሆነ ሽታውን ሰብስቦ አፍንጫ ላይ ያመጣዋል። ቢጫው ምንም አልሸተተኝም፤ ስቀምሰው ግን ጉሮሮ እስኪዘጋ ይጣፍጣል። ገርጣው ቅምሻው ደረቅ፣ ከኋላ የጌሾ መረር ያለበት፤ ሽታው ግን ቀፎ እንደተከፈተ ያህል ማር ማር ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳላሸት ጠጥቼ አላውቅም።

"ክትፎ ማለት ጥሬ ሥጋ ነው"

ስሙን እንየው። ክትፎ የመጣው "ከተፈ" ከሚለው ነው። ስሙ ስለ አከታተፉ እንጂ ስለ ጥሬነቱ አያወራም። ጥሬ፣ ለብ ለብ ወይም የበሰለ ተብሎ ይታዘዛል፤ ሦስቱም ክትፎ ናቸው። "የበሰለ ክትፎ አምጪልኝ" ብሎ ያዘዘ ሰው ላይ የሚስቁ ሰዎች ይገርሙኛል። ጥሬ ስለማይወዱ ብቻ ክትፎ ቤት ገብተው ጥብስ የሚበሉ ጓደኞች አሉኝ። እንዴት ያለ ነገር ነው የሚያመልጣቸው!

የክትፎ ሙያ ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ ሥጋው፣ ቅቤውና ሚጥሚጣው። ሥጋው ስቡና ጅማቱ የወጣለት ቀይ መሆን አለበት። በቢላ የተከተፈ ሥጋ ምላስ ላይ ፍሬው ይታወቃል። ማሽን የፈጨው ግን ሊጥ ሊጥ ይላል። አንድ ጊዜ ከጓዳ በር አጠገብ ተቀምጬ ሴትየዋ ስትሠራ ሳይ ነበር። ጣባውን አሞቀች። ቅቤውን አፈሰሰችበት፤ የኮረሪማው ሽታ እኔ ጋ ደረሰ። ቀጥላ ሚጥሚጣውን ነሰነሰችና በማንኪያ አዋሃደች። ሥጋው የገባው ከዚያ በኋላ ነው። "ሚጥሚጣው ቅቤውን መጠጣት አለበት" አለችኝ ዞራ ሳታየኝ። ክትፎ ላይ ደረቅ ሚጥሚጣ ጥርስ ሥር የሚንኮሻኮሽባችሁ ከሆነ ይሄ ደረጃ ተዘሏል ማለት ነው።

አይቡን፣ ጎመኑንና ቆጮውን ማጀቢያ አድርጎ መተውም ያስቆጫል። አይብ የሚጥሚጣውን ቃጠሎ ያበርዳል። ቆጮ ከእንሰት የሚሠራ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ የሚብላላ ምግብ ነው፤ ኮምጠጥ ማለቱ የቅቤውን ክብደት ይቆርጠዋል። ክትፎን ለዓለም የሰጡት ጉራጌዎች ለመስቀል ሲያቀርቡት አብረው የሚያሰናዷቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

"አዋዜና አረቄ ኮሶውን ይገድሉታል"

ይሄን በደንብ ስሙኝ።

ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ከመፍረሱ በፊት እዚያ ቁርጥ ያልበላ የሥጋ ወዳጅ ጥቂት ነው። እኔም ቁርጥ እወዳለሁ፤ ሻኛ ከጮማ ጋር ሲመጣልኝ ደስታዬን መደበቅ አልችልም። ግን ሚጥሚጣ ምላስ ያቃጥላል እንጂ ሥጋው ውስጥ የተሸጎጠውን የኮሶ ትል እጭ አይገድልም። አረቄም አይገድለውም። አያቶቻችን አዋዜም አረቄም ነበራቸው። ቢገድል ኖሮ በየሁለት ወሩ ያንን መራራ የኮሶ አበባ እየወቀጡ ባልጠጡ ነበር። ዛፉና ትሉ አንድ ስም የያዙት በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚገድለው እሳት ነው፤ ውስጡ ቀይነቱ እስኪጠፋ የበሰለ ሥጋ። ወይም ብርድ ነው፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ለ10 ቀን የቆየ ሥጋ። ለብ ለብ አይበቃም። በቄራ የታረደና ማህተም ያረፈበት ሥጋ በባለሙያ ዓይን ስላለፈ ከጓሮ እርድ እጅግ ይሻላል፤ ቢሆንም ትንንሹ እጭ ሊያመልጥ ይችላል። ጥሬ የሚበላ ሰው ይህን አውቆ ይብላ፤ ምልክት ሲያይ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ፈጽሞ ጥሬ ሥጋ አትብላ። ለእሷ የሚያሰጋት ኮሶ ብቻ አይደለም፤ ፅንሱን የሚጎዳ ሌላ ተህዋስም በጥሬ ሥጋ ይተላለፋል። የመሥሪያ ቤት ግብዣ ላይ እርጉዝ ሴት "ትንሽ ቅመሺ፣ ያምርሻል" ስትባል ሰምቻለሁ። እባካችሁ አታጉርሷት።

"ውጭ መብላት የዘመኑ ልጆች ያመጡት ነው"

አይደለም። ፒያሳ ያለውን ሆቴል እቴጌ ጣይቱ ከከፈቱት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። መጀመሪያ ሰዉ አልደፈረም ነበር ይባላል። እንግዳ ተቀብሎ ማብላት ለለመደ ሕዝብ ምግብ በገንዘብ መግዛት ያሳፍር ነበር። አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ፣ እየበሉና ሒሳብ እየከፈሉ አለማመዱት ተብሎ ይተረካል። ጠላ ቤቱማ ማስታወቂያም አያስፈልገው፤ ደጁ ላይ በተተከለ ዘንግ ጣሳ ከተደፋ መንገደኛው ምን እንዳለ ያውቃል።

"ረቡዕና ዓርብ የሚበላ የለም"

እንዲያውም በያይነቱ መበላት ያለበት ረቡዕና ዓርብ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በጾም ቀን ጿሚው ብዙ ስለሆነ ምግቡ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎ ቶሎ ይሠራል። ማክሰኞ ማታ የምታዙት ጎመን ግን መቼ እንደተሠራ እግዜር ይወቀው። በቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓት የጾም ቀን በዓመት ከ180 ይበልጣል። ይህን ያህል ቀን ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የሚበላ አገር ያለ ቅቤ ማጣፈጥን ቢችልበት አይገርምም። ሱፍ ፍትፍት፣ አዚፋ በሰናፍጭ፣ ስልጆ። ስልጆ ያለው ቤት ካገኛችሁ አትለፉት፤ እየጠፋ ነው።

ሽሮም "የቸገረው ቀን ምግብ" ይባላል። ጥሩ የሽሮ እህል አተር ወይም ሽምብራ ሆኖ ይለቀማል፣ ይታመሳል፣ ይከካል፤ ከበሶብላው፣ ከኮረሪማውና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ይፈጫል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ገና እሳት ላይ ሳይጣድ ነው። ተጋቢኖ ካዘዛችሁ በሸክላ ድስቱ እየተንተከተከ መምጣት አለበት። ፀጥ ብሎ ከመጣ ቀድሞ የተሠራ ነው፤ "አሙቂልኝ" ለማለት አትፈሩ።

የእንጀራ ንጣትም ያታልላል። ማኛ ጤፍ ነጭ ነው፣ ውድም ነው፤ ግን ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራም ይነጣል። የሰርገኛ ወይም የቀይ ጤፍ እንጀራ ከሽሮ ጋር ስትበሉ የጤፉ ጣዕም ራሱን ችሎ ይመጣል። እኔ ምርጫ ካለኝ ቀዩን ነው።

"አረፋ ያለው ድራፍት ሌብነት ነው"

ግማሽ ብርጭቆ አረፋ ከሆነ አዎ፣ አስቀይሩ። ሁለት ጣት ያህል አረፋ ግን የቢራው ክዳን ነው። ጋዙንና ሽታውን ይይዝለታል። ጭራሽ አረፋ የሌለው ጃምቦ ብዙ ጊዜ ብርጭቆው ቅባት ወይም ሳሙና ቀርቶበታል ማለት ነው።

"የአገር ውስጥ ወይን ጣፋጭ ብቻ ነው"

አክሱማይትን ብቻ ለቀመሰ ሰው እውነት ይመስላል። ጉደር እንኳ ከሱ ይደርቃል። ዝዋይ አካባቢ ከሚለማው ወይን ደግሞ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ይጠመቃል፤ ሪፍት ቫሊ ብላችሁ እዘዙ። ቀዩን ከዝልዝል ጥብስ ጋር ሞክሩት። ኮካ ሳትቀላቅሉ፣ አደራ።

"አምቦ ውሃ ወይም ቡና ስካር ያበርዳል"

አያበርድም። ቡና ያነቃል፣ አምቦ ሆድ ያቀላል፤ ደም ውስጥ የገባውን አልኮል የሚያጣራው ግን ጉበት ነው፣ እሱም በራሱ ፍጥነት። ነቅቶ የሰከረ ሰው መሪ ሲይዝ ደግሞ የበለጠ ያስፈራል፤ ደህና ነኝ ብሎ ያምናልና። እኛ ተረኛው ሲያዝዝ የሚነዳውም አብሮ ይወሰናል። እሱ ብርዝ ወይም ስፕሪስ ይጠጣል።

"ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና ብርቱ ነው"

መራራ ነው እንጂ ብርቱ አይደለም። ካፌኑ በአቆላሉ ብዙም አይለወጥም። የሚለወጠው ጣዕሙ ነው፤ እስኪጠቁር ሲቆላ የይርጋጨፌው የአበባና የሎሚ ሽታ፣ ከነገለባው የደረቀው የሐረሩ ፍሬ ፍሬ ማለት ይጠፋና ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል። ደህና ቡና ስታገኙ ቀላ ብሎ እንዲቆላላችሁ ጠይቁ።

ጉልበቱ ያለው የዱቄቱ ብዛትና የአፈላሉ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ጀበናው ሦስት ጊዜ ሲፈላ ዱቄቱ ያው የመጀመሪያው ነው፤ ውሃ እየተጨመረ ነው የሚፈላው። አብዛኛው ካፌን በአቦሉ ይወጣል፣ ቶናው ይለዝባል፣ በረካው ቀላል ነው። ማታ እንቅልፍ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ አቦሉን ለጎረቤታችሁ አሳልፋችሁ በረካውን ጠብቁ።