ካምፎር ምንድን ነው?

ካምፎር፣ በዓረብኛ ስሙ ካፉር፣ ነጭ፣ ሰም መሰል፣ ሽታው አፍንጫ አልፎ ዓይን የሚነካ ጠጣር ነገር ነው። ጥንት የሚገኘው በደቡብ ጃፓን፣ በታይዋንና በቻይና ከሚበቅለው የካምፎር ዛፍ ነበር፤ እንጨቱ ተፈልጦ በእንፋሎት ይታጠናል፣ የሚወጣው ተን ሲቀዘቅዝ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይረጋል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ከፓይን ዛፍ ሙጫ ከሚወጣው ተርፔንታይን በፋብሪካ የሚሠራ ነው። አንዱን ፍሬ ሳህን ላይ ቢተዉት ውሃ ሳይሆን በቀጥታ አየር ሆኖ ይተናል፤ ከሳምንታት በኋላ የሚቀረው ሽታው ብቻ ነው። ብል እንዳይበላ በልብስ መሐል የሚቀመጠውም በዚሁ ጠባዩ ምክንያት ነው።

በእስልምና ሥርዓት አስከሬን ሲታጠብ በመጨረሻው እጥበት ውሃ ላይ ካፉር ይጨመራል፤ ይህም ነቢዩ ሙሐመድ ልጃቸው በሞተች ጊዜ ለአጣቢዎቹ ከሰጡት ትእዛዝ የመጣ ነው። ሂንዱዎች ደግሞ አመድ ሳይተው ነድዶ ስለሚያልቅ በጸሎት ጊዜ በአማልክት ፊት ያበሩታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሴሉሎይድ የተባለው ቀዳሚ ፕላስቲክ በካምፎር ይሠራ ስለነበር ፍላጎቱ እጅግ ናረ፤ ታይዋንን የያዘችው ጃፓንም በ1899 ንግዱን በመንግሥት ሞኖፖል ሥር አደረገችው።

ለእኛ ቤት የሚቀርበው ግን ቪክስና ልዩ ልዩ ባልም ነው። ካምፎር በቆዳ ውስጥ ቅዝቃዜንና ሙቀትን የሚለዩትን ነርቮች ስለሚቀሰቅስ የሚያመው ቦታ ቀለል ያለ ይመስላል። የታፈነ አፍንጫም የተከፈተ ይመስላል እንጂ በእርግጥ አይከፈትም። ይህ ማለት ግን ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ በጉንፋን ሌሊት እንቅልፍ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

አደጋው የሚጀምረው ካምፎር ወደ ሆድ ሲገባ ነው። ከአንጀት ወደ ደም በፍጥነት ያልፍና አንጎልን ያውካል፤ ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አንዳንዴም ምንም ምልክት ሳይቀድመው፣ ሰውየው ይንዘፈዘፋል። ይህ ጠባዩ ከጥንትም የታወቀ ስለነበር በ1934 ቡዳፔስት ውስጥ ሜዱና የተባለው ሐኪም የአእምሮ ሕሙማንን ሆን ብሎ በማንዘፍዘፍ ለማከም ካምፎር በዘይት እያሟሟ በመርፌ ወግቷቸዋል። ለሕፃን አንድ ግራም ያህል ብቻ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ቀድሞ በየቤቱ ይቀመጥ የነበረው የካምፎር ዘይት ካምፎሩ 20 ከመቶ በመሆኑ፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ በትክክል ያንኑ ያህል ትይዝ ነበር። የጉሎ ዘይት መስሏቸው ለልጆቻቸው ያጠጡ ወላጆች ስለነበሩም አሜሪካ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዘይቱን ከገበያ አስወጣች፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጡ ቅባቶች ውስጥ ያለው መጠን ደግሞ ከ11 ከመቶ እንዳይበልጥ ወሰነች።

ቅባቱም ቢሆን ገደብ አለው። ቪክስ ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አይቀባም፤ በአፍንጫ ቀዳዳ ውስጥ፣ በቁስል ላይ ወይም በአፍ አካባቢም አይደረግም። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያደርገው፣ በሚፈላ ውሃ ላይ ቪክስ ጨምሮ ተከናንቦ መታጠን፣ አሜሪካ ውስጥ በሚሸጠው ቪክስ ማሸጊያ ላይ የተከለከለ ነው፤ ትኩሱ ድብልቅ ተፈናጥሮ ዓይንና ፊት ሊያቃጥል ይችላል።

ሌላው ችግር የብል መከላከያው ነው። ነጩ ክብ ፍሬ አንዳንዱ ካምፎር፣ አንዳንዱ ናፍታሊን ነው። ናፍታሊን በተለይ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚጎድላቸውን ሰዎች ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፤ ጉዳቱም ዘግይቶ፣ በቀናት ውስጥ ሊታይ ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ፍሬውን ንጹሕ ውሃ ውስጥ መጣል ይበቃል፤ ካምፎር ይንሳፈፋል፣ ናፍታሊን ይሰምጣል። ልጅ ውጦ ከተገኘ ግን ለመለየት ጊዜ ማባከን አይገባም። እንዲያስታውክ ማድረግም አይገባም፣ ምክንያቱም በመሐል መንዘፍዘፉ ቢጀምር ትውከቱ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ወተት መጋትም መርዙን አያረክስም። ልጁን ከነማሸጊያው ወይም ከተረፈው ፍሬ ጋር ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ማድረስ፣ ሐኪሙ የትኛውን መርዝ እንደሚያክም ወዲያው እንዲያውቅ ይረዳዋል።